ሙጫ ይዞ የመጣ ሌባ

ሰውየው የተገኘው በካውንቲው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በሁለት የብረት መደርደሪያዎች መሀል በጀርባው ተዘርሮ ነው። ያገኘው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ቨርሊን ኮዲል ነበር። እንደ ወትሮው ቢሮ ሊዘጋ ወርዶ፣ ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ሰው የለም ብሎ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ሰማ።

መርማሪ ሎሬታ ስቲድሃም ስትደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞች ቁስለኛውን በቃሬዛ እያወጡት ነበር። ሽበታም ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ከጆሮው በላይ ያለው ደም ረግቷል። ዓይኑ ግማሽ ገርበብ ብሎ ማንንም አያይም።

«ማን ነው?» አለች።

«ዊልያም ሮስ ብሎ ነው የፈረመው» አለ ቨርሊን። ከሎሬታ ጋር አብሮ የተማረ ሰው ነው፤ ያኔም ቢሆን ደም ማየት አይወድም ነበር። «ዘሩን ፈላጊ ነው። እንደሱ ያለ ስንት ይመጣል መሰለሽ። አያቴ እዚህ ነው ያገባችው፣ ቅድመ አያቴ እዚህ መሬት ነበረው፣ እያሉ።»

«መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ከርቲስ አምበርጊ ነው። ከኦሃዮ።»

«አምበርጊ?» ቨርሊን ራሱን አከከ። «አምበርጊዎች እኮ የኛው አገር ሰዎች ናቸው። ዘሩን ሊፈልግ መጥቶ ስሙን ይደብቃል? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ።»

«መብራቱን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«ጠፍቶ ነው ያገኘሁት።»

ሎሬታ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈለገች። ያለው ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነው። ሰውየው በራሱ ወድቆ ከሆነ መቼም ተነስቶ፣ ወጥቶ፣ መብራት አጥፍቶ ተመልሶ አልወደቀም። ሌላ ሰው እዚህ ነበረ ማለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። የድሆች እርሻ መዝገብ ነው። ካውንቲው በድሮ ጊዜ መጠጊያ ያጡ ሰዎችን ሰብስቦ የሚያኖርበት እርሻ ነበረው። እዚያ የሞቱት ከእርሻው በላይ ባለው ኮረብታ ተቀብረዋል፤ ድንጋዮቻቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ይህ መዝገብ ብቻ ነው። በተከፈተበት ቦታ፣ ከማሰሪያው ሥር፣ የተቆረጠ ገጽ ጠርዝ ጣት በማትሞላ ስፋት ቀርቷል።

ከኋላቸው የወረደው ሸሪፍ አርሊ ኖብል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «በቃ፣ ያው ነው። አንዱ ሌባ ሌላውን መታና ገጹን ይዞ ሄደ።»

«አይ አለቃ፣ ይሄ ገጽ የጠፋው ድሮ ነው» አለ ቨርሊን። «እኔ እዚህ ስቀጠርም አልነበረም።»

«የሌለ ነገር ማን ይሰርቃል ታዲያ?»

ሎሬታ ተንበርክካ ከመደርደሪያው ሥር በባትሪ አየች። አንድ ትንሽ መቀስ አገኘች። ቀጥሎ ቀጭን ብሩሽ፣ ክዳኑ የተከፈተ የሙጫ ብልቃጥ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት አወጣች።

«የናንተ ነው?»

«እኛ መዝገብ ላይ ሙጫ አናስነካም» አለ ቨርሊን።

ሎሬታ ብልቃጡን በእጇ እያገላበጠች ቆየች። ሌባ ምላጭ ይዞ ቢመጣ ይገባታል። ሙጫ ይዞ የሚመጣ ሌባ ግን ምን ዓይነት ነው?

*

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ያነጋገረችው እማማ ኦማ ሳይዝሞርን ነው። በፍርድ ቤቱ ውስጥ፣ ወደ ምድር ቤቱ ከሚወርደው ደረጃ አጠገብ፣ የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ማኅበር አንድ ክፍል አለው። ኦማ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚያ በነጻ ትሠራለች። ከቴክሳስም ከሚቺገንም ለሚጻፍላት ደብዳቤ ሁሉ መልስ ትሰጣለች፤ የስንቱን አያት ከየመዝገቡ ፈልጋ አግኝታለች። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ደረጃ ስትወርድ ግን ማንንም አትደገፍም።

ሎሬታ ስትገባ ያረጁ የክስ ወረቀቶችን እየጠቀለለች በነጭ የጥጥ ጥብጣብ ታስር ነበር።

«ሰውየው ይተርፋል?» አለች ገና ሎሬታ ሳትቀመጥ።

«ሐኪሞቹ አልነቃም ነው የሚሉት።»

«ግን ይተርፋል?»

«እንጃ፣ እማማ። ትናንት አይተውት ነበር?»

«ጠዋት የድሆች እርሻን መዝገብ የት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ዝምተኛ ነው። ብዙዎቹ ሲመጡ የአያታቸውን ታሪክ ካልነገሩሽ አይለቁሽም። እሱ ምንም አላለኝም።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ራሴን አመመኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ያ የጠፋ ገጽ ማንን ይጠቅማል?»

የኦማ እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «የድሃ ስም ማንን ይጠቅማል ልጄ? በሕይወት እያሉም አልጠቀማቸው።» ጥብጣቡን ሳብ አድርጋ አሰረችና እንደገና ጠየቀች፤ «ነፍሱ ትተርፋለች ብለዋል ግን?»

ሎሬታ ደግ ሴት ናት ብላ ወጣች።

*

ሸሪፉ የራሱ ሰው ነበረው። ዶርሲ ፕራት ይባላል። ለአንድ የጋዝ ኩባንያ መሬት የሚያፈላልግ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያው ምድር ቤት የርስት መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። ኩባንያው ቱቦውን በድሆች እርሻ ኮረብታ ላይ ማሳለፍ ይፈልጋል።

«ሬሳው ስም ካለው ዘመድ አለው» አለ ሸሪፉ መኪና ውስጥ። «ዘመድ ካለው ፈቃድ መጠየቅ አለ። ስም ከሌለው ግን ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ይነሳል። ገባሽ? ያ የኦሃዮ ሰው ስሞቹን የሆነ ቦታ አገኛቸው፤ ዶርሲ ደግሞ ዝም አሰኘው።»

ለሎሬታም ያስኬዳል መሰላት። ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር ነው።

ዶርሲን ዋንዳ ምግብ ቤት፣ ድንች ጥብሱን እያቀዘቀዘ አገኙት።

«ትናንት ምሳ የት በላህ?» አለችው።

«እዚሁ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ።»

ዋንዳ ከባንኮኒው ወዲያ ቀና አለች። «አንተ ዶርሲ! ትናንት መቼ መጣህና? ደግሞ ትናንት ባቄላ አልሠራሁም!»

ምግብ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ዶርሲ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሸሪፉ ካቴናውን ሲያወጣ ሎሬታ ክንዱን ያዘችውና ዶርሲን ወደ ውጭ አወጣችው።

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ መኪናው ላይ ተደግፎ። «ምድር ቤቱ ውስጥ። መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ አሉ አይደል? እነሱ ጋ።»

«ይሄ ምኑ ያስዋሻል?»

«ሚስቴ አታውቅም። መጠጣቴን ታውቃለች፤ ላቆም እየሞከርኩ መሆኔን ነው የማታውቀው። ባይሳካልኝስ? አንዴ ተስፋ ሰጥቻት መልሼ ከምነጥቃት ብዬ ነው።»

ሸሪፉ ወደ ተራራው ዞሮ አፍንጫውን ተናፈጠ።

«ያን ሰውዬ አናግረኸዋል?» አለች ሎሬታ።

«ጠዋት፣ ደረጃው ላይ። ኮረብታው አሁንም አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የት ነው አላለኝም እኮ። አለ ወይ ነው ያለኝ። አለ ስለው እንባው መጣ። እኔም ምን እንደምል ግራ ገባኝ።»

ፓስተሩ የዶርሲን ቃል አረጋገጠ። እስከ ማታ አካባቢ እዚያው ወንበር ሲያነሳ፣ ኩባያ ሲያጥብ ነበር። ሎሬታ ትናንት ያልነበራት ጥያቄ ተጨመረባት፤ የነበራት ተጠርጣሪ ደግሞ ከእጇ ወጣ።

*

በሦስተኛው ቀን ከርቲስ አምበርጊ ነቃ። ሎሬታ ሆስፒታል ስትደርስ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጣሪያውን ያያል።

«ማን ነው የመታዎት፣ አቶ ከርቲስ?»

«ማንም። ወደቅሁ።»

«መብራቱን ማን አጠፋው ታዲያ?»

ከርቲስ ግር አለው። «መብራት?»

«በሩ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የተገኙት።»

«አላውቅም። ወደቅሁ አልኩሽ።»

«ዊልያም ሮስ ማን ነው?»

ከርቲስ አንገቱን በጭንቅ አዞረ። «ወረቀት አገኛችሁ? መሬት ላይ? አሮጌ ወረቀት?»

«የምን ወረቀት?»

«ጠፋ ማለት ነው» አለ ለራሱ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሮ በኔ እጅ ጠፋ።» ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷ ይበቃል አለቻት።

ሎሬታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግንባሯን በመዳፏ ተጫነች። ተጎጂው አልተመታሁም ይላል። የጠፋው ገጽ ድሮ የጠፋ ነው። ስሙን የደበቀው ሰው የሚያለቅሰው ለወረቀት ነው። አንዱን ጫፍ ስትስብ ሌላው እየተቋጠረባት የነገሩ ውል ጠፋባት። ደግሞ ያቺ ሙጫ።

የምትሄድበት ሌላ ስላጣች ወደ ኮረብታው ነዳች።

*

የድሆች እርሻ ከተዘጋ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ቤቱ ፈርሶ ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሟል። ሎሬታ በእሾሁ መሀል ወደ ላይ ወጣች። ድንጋዮቹ ከጉልበት አይበልጡም፤ ሳሩ ውጧቸዋል። ልጅ ሆና እናቷ እዚህ እንዳትጫወት ትከለክላት ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ ድንጋይ ብቻ ጸድቷል። አረሙ በእጅ ተነቅሏል፤ የድንጋይ ሽበቱ ተፍቆ ቁጥሩ በደንብ ይነበባል፤ ሠላሳ አንድ ይላል። ሥሩ ቢጫ የጓሮ አበባ ተቀምጧል። አበባው ገና አልጠወለገም።

ስልኳን አውጥታ ቨርሊን ጋ ደወለች።

«መዝገቡን አውጣልኝ። ሠላሳ አንድ ማን ነው?»

ገጽ ሲገለጥ ሰማች። «ሠላሳ አንድማ በጠፋው ገጽ ላይ ነው ያለው። ማንም አያውቀውም።»

«አንድ ሰው ያውቀዋል» አለች ሎሬታ።

ስልኩን ዘግታ እዚያው ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን ድንጋይ ለይቶ አበባ የሚያኖር ሰው ገጹን ያነበበ ሰው ነው። አበባው የዚህ ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ገጹም ተመልሶ የታየው በዚህ ሳምንት ነው። አሮጌ ወረቀት አገኛችሁ ያላት ከርቲስ ነው። ከኦሃዮ ይዞት መጣ። ሙጫውም፣ ብሩሹም፣ የሳሳው ወረቀትም የእሱ ነው። ለካ ሰውየው የመጣው ሊሰርቅ አልነበረም። የተሰረቀውን ሊመልስ ነው!

እዚህ ላይ ነገሩ የባሰ ግራ አጋባት። የሚመልስን ሰው ማን ይመታል?

አበባውን አነሳችው። ግንዱ የታሰረው በክር አይደለም፤ በሰፊ ነጭ የጥጥ ጥብጣብ ነው። ቋጠሮው ተስቦ ጠበቅ ብሏል። ሎሬታ ጥብጣቡን ለረጅም ጊዜ አየችው። ባታየው በወደደች ነበር።

*

እማማ ኦማ ማኅበሩ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ሎሬታ አበባውን ፊቷ አስቀመጠች።

«ነቅቷል» አለቻት መጀመሪያ። «ይተርፋል።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ። «ተመስገን» አለች፤ ደጋግማ፣ በሹክሹክታ።

«መብራቱን ያጠፉት እርስዎ ነዎት።»

«አጠፋሁት እንዴ?» ኦማ ከልቧ ግር አላት። «አላስታውስም። ከዚያ ክፍል በወጣሁ ቁጥር አጠፋለሁ። እጄ ነው ያጠፋው።»

«ይንገሩኝ እስቲ፣ እማማ።»

«ከምሳ በኋላ ወረድኩ፣ ካርቦን ወረቀት ልፈልግ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። በአንድ እጁ መቀስ፣ በሌላው የተቆረጠ ገጽ። መዝገቡ ፊቱ ተከፍቷል። እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ስንቱ ገጽ ሲሰረቅ አይቻለሁ! የቤተሰቤ ነው እያሉ ቦጭቀው በጉያቸው ይዘው የሚወጡ፣ ጥሩ ልብስ የለበሱ፣ የተማሩ ሰዎች! ደሜ ፈላ። ሌባ! አልኩና ወረቀቱን ያዝኩት። እሱም አልለቅ አለ። ሳብኩት። እንዳይቀደድ ብሎ መሰለኝ ለቀቀው፤ ሲለቀው ወደ ኋላ ሄዶ ወደቀ።»

«ትተውት ወጡ?»

«ቁጭ ያለ መሰለኝ። እግዜር ያውቃል፣ ቁጭ ያለ መሰለኝ። ፈራሁት፤ እኔ አሮጊት ነኝ፣ እሱ ወንድ ነው። ገጹን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ። ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ሳየው...»

ኦማ የአበባውን ጥብጣብ በጣቷ አስተካከለች።

«ያኛው ነው። የጠፋው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት። ሰውየው እንዴት አድርጎ ነው፣ ከመዝገቡ ውስጥ የሌለውን ገጽ ከመዝገቡ ውስጥ የሚቆርጠው? አበድኩ አልኩ። ራሴን ተጠራጠርኩ። ዳሩ ግን ሩቢ ጂን አለች፤ ሠላሳ አንድ። ስሟ በጥቁር ቀለም ተጽፏል።»

«ሩቢ ጂን ማናት?»

«ታናሼ ናት። አባታችን የሞተ ክረምት እናቴ እኛን ይዛ እርሻው ገባች። ሩቢን ትክትክ ያዛት። እኔን አክስቴ መጥታ ወሰደችኝ፤ እሷ እዚያው ቀረች። አክስቴ፣ እዚያ መኖርሽን ለሰው እንዳትናገሪ አለችኝ። አልተናገርኩም። ባሌ እንኳ ሳያውቅ ሞተ። የሰው ሁሉ አያት ስፈልግ የኖርኩት፣ ምናልባት አንድ ቀን በሌላ መዝገብ በኩል ስሟ ይወጣ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ሰውየው ደም በደም ሆኖ መገኘቱን ሲሰሙስ? ለምን አልነገሩኝም?»

ኦማ አበባውን ወደ ራሷ ሳበች። «ገጹን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው። ትንሽ ልያዛት ብዬ ነው። ጥፋት ነው ልጄ፤ አውቃለሁ። ሰውየው ቢሞትስ ኖሮ?» ከዚያም ተነስታ ኮቷን ለበሰች። «ልታስሪኝ ነው?»

«መጀመሪያ ሆስፒታል እንሂድ» አለች ሎሬታ።

*

ከርቲስ ኦማን በር ላይ ሲያያት አወቃት። ለመቀመጥ ሞከረ። ኦማ በሁለት እጇ የያዘችውን ገጽ አልጋው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«አልተቀደደም» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

«ወደቅሁ ነው ያልኩት» አለ ከርቲስ ወደ ሎሬታ እያየ። «አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ማንም ላይ ክስ የለኝም።»

«ክሱን ዐቃቤ ሕጉ ያስብበት» አለች ሎሬታ። «እኔ አሁን እንዲገባኝ ነው የምፈልገው። ገጹ እናንተ ቤት እንዴት ገባ?»

ከርቲስ ጣቱን መሀል ላይ ካለ አንድ ስም ላይ አሳረፈ። ናርሲሳ አምበርጊ ይላል። «አያቴ ናት። አባቴ እዚህ ለመንገዶች ኃላፊነት ሲወዳደር፣ ተቃዋሚው፣ የዚህ ሰው እናት የካውንቲ ለማኝ ነበረች ብሎ ገጹን በአደባባይ ሊያነብ ነበር። አባቴ ቀድሞ ሄዶ ቆረጠው። ምርጫውንም ተሸነፈ፤ አገሩንም ለቆ ወጣ። እኛ እናቱ የት እንደተቀበረች ስንጠይቀው ሩቅ ነው ይል ነበር። ባለፈው ክረምት ሲሞት ገጹን ከአልጋው ፍራሽ ሥር አገኘሁት።»

«ታዲያ እንዲህ ነው ብለህ ለኛ አትነግረንም?» ኦማ ተቆጣች፤ እንባዋም እየወረደ ነው። «ተቀብለንህ እናመሰግንህ ነበር እኮ! በስርቆሽ መጥተህ፣ በመቀስ ስታጭበረብር!»

«መቀሱ የማጣበቂያውን ስስ ወረቀት ለመከርከም ነው እማማ» አለ ከርቲስ እንደ ተገሠጸ ልጅ። «አፈርኩ። አባቴ ሌባ ነበር ብዬ በየት በኩል ልጀምረው? አጣብቄ፣ ዘግቼ፣ ማንም ሳያውቅ ልወጣ ነበር።»

ኦማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሯን ጠርጋ አደረገች። «ናርሲሳ» አለች። «ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ነበረች? ወጥ ቤት የምትሠራ?»

«አላውቅም። ፎቶ እንኳ የለንም።»

«እኔ አውቃታለሁ» አለች ኦማ። «ለሩቢ ወተት ደብቃ ታመጣላት ነበር። ና እስቲ ልንገርህ።»

ሎሬታ በሩን ዘግታላቸው ወጣች።

*

የምርመራውን ወረቀት ለዐቃቤ ሕጉ አስረከበች። ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ፣ እንደገና አንብቦ፣ ማን ማንን እንደሚከስ ሊገባው ስላልቻለ ወደ ጎን አስቀመጠው። ገጹን የካውንቲው መጽሐፍ ጠጋኝ ቦታው መለሰው።

ወሬው ከሸሪፍ ቢሮ ይሁን ከዋንዳ ምግብ ቤት፣ ከየት እንደወጣ አልታወቀም። ሰኞ ጠዋት ሎሬታ ፍርድ ቤቱ ስትደርስ ደረጃው ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። የባንኩ ሴትዮ አለች፤ የእግር ኳስ አሠልጣኙ አለ፤ ዶርሲ ፕራት ከሚስቱ ጋር ቆሟል። እርስ በርሳቸው አይተያዩም። በዚያ ከተማ የድሆች እርሻ ውስጥ ዘመድ ነበረኝ ያለ ሰው አንድም ቀን ተሰምቶ አያውቅም።

ቨርሊን በሩ ላይ ላብ በላብ ሆኗል። «ሁሉም ያን መዝገብ ነው የሚሉኝ፣ ሎሬታ። ምን ልበላቸው?»

«አሳያቸው።»

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሸሪፍ አርሊ ኖብል ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረዋል። ሎሬታ ጠጋ ስትለው ወደ ጫማው አየ።

«አንቺ ገጹን አይተሽው የለም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኖብል የሚል አለ?»

«አለ፣ አለቃ» አለችው። «ሁለት ናቸው። አንዷ ሕፃን ናት።»

ሸሪፉ ራሱን ነቀነቀ። ከሰልፉ ቀድሞ የመግባት ሥልጣን ነበረው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተራውን ሊጠብቅ ቆመ።